የማይከደነው ላፕቶፕ

የመዝገብ ቤታችንን ድረ ገጽ ሊያስተካክል የመጣው ሰው ደረጃውን የሚወጣው ላፕቶፑን ከፍቶ፣ እንደ ትሪ በሁለት እጁ ይዞ ነው። ቻርጀሩን አንገቱ ላይ ይጠመጥመዋል። ጥበቃው ባየው ቁጥር «አስተናጋጁ መጣ! ለእኔም አንድ ሻይ» ይላል። እሱም ጎንበስ ብሎ «ስኳር ስንት ላድርግ?» ይለዋል።

ሥራው ኩኪ ነው፤ ድረ ገጽ ማን እንደገባ እንዳይረሳ ኮምፒውተር ላይ የሚያስቀምጣት አጭር ጽሑፍ። የእኛ ፕሮግራም ጽሑፏን ሲያነብ ኩኪዋ የምታበቃበት ቀን ውስጥ ያለችውን ኮማ እንደ መጨረሻ ቆጥሮ ቀኑን ለሁለት ሰንጥቆ ያበላሸው ነበር። ቀን የሌላት ኩኪ ደግሞ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አብራ ትጠፋለች። ስለዚህ በየጠዋቱ ሁላችንም የይለፍ ቃል እንደ አዲስ እንጽፍ ነበር። እሱ ጽሑፏን ቁርጥራጭ በቁርጥራጭ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ያነባል።

በሦስተኛው ቀን አላስችል አለኝ። «ምናለ ብትከድነው? ክንድህ አይዝልም?»

«አሮጌ ነው፣ እትዬ። ከተከደነ ራሱን ያጠፋል። እማዬ የገባችበት ገጽ አለ፤ እስካሁን በስሟ ሰላም ይላታል። የይለፍ ቃሏን ለማንም ሳትነግር ነው የሞተችው።»

«ታዲያ ኩኪዋ ላይ የማብቂያ ቀን ጻፍባት! የእኛን ዛሬ ጠዋት ጨርሰህ የለ?»

ሳቀ። «የእናንተማ ቀላል ነው፤ ሠላሳ ቀን አልኩ። ለእማዬ ስንት ልበል?»

ከስም አጠገብ ቀን መሙላት የሃያ ስድስት ዓመት ሥራዬ ነው። የሟቹ ባለቤቴ የመዝገብ ካርድ ላይ ግን የመጨረሻው ቀን ቦታ እስካሁን ባዶ ነው።

የጠረጴዛ መብራቴን ነቅዬ ሶኬቱን ለቻርጀሩ ለቀቅሁለት።