እሾህ የሌለው ጉርሻ

ሮም፣ ፒያሳ ቪቶሪዮ አጠገብ ባለው የገበያ አዳራሽ፣ ከቅመማ ቅመሙ መደዳ አልፎ፣ ወለሉ ሁልጊዜ እርጥብ የሆነበት አንድ ጥግ አለ፤ እዚያ ስደርስ እግሬ በራሱ ጊዜ ቀስ ይላል። የባሕር ዓሣ የሚሸጡት ጣልያኖች በወዲያኛው በኩል ናቸው፤ በዚህ ጥግ ያሉት ከባንግላዴሽ የመጡ ሰዎች ሲሆኑ የወንዝና የሐይቅ ዓሣ የሚገኘው እነሱ ጋ ብቻ ነው። የባሕር ዓሣ ጨው ጨው ይሸታል፤ የሐይቅ ዓሣ ግን ጭቃና እርጥብ ቄጠማ ይሸታል፣ ዓይኔን ብታስሩኝ እንኳ ሁለቱን አላምታታም። ዛሬ የመጣሁት ለሲኞራ የወንዝ ጋምበሪ ልገዛ ነበር። ጋምበሪ ጺሟ ከቁመቷ የሚረዝም፣ እግሯ ተቆጥሮ የማያልቅ የውኃ ፍጥረት ናት፤ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን አትብሉ ተብለን ያደግን ሰዎች ደፍረን የማናያት ዓይነት። መጀመሪያ ሰሞን ፊቴን አዙሬ ነበር የምልጣት። አሁን ነጭ ሽንኩርት ከመላጥ በፈጠነ እጅ እልጣታለሁ፣ በአፌ ግን አንዲትም አልዞረች።

ሲኞራ የማስታምማቸው የዘጠና ዓመት ባልቴት ናቸው። ወንዝ ዳር ስላደጉ የባሕሩን ጋምበሪ ገና በሽታው ያውቁትና "ይኼ የወንዝ አይደለም" ብለው ሳህኑን ይገፉታል። እኔ ፊሳ ነኝ፤ ሮም ያለን ሐበሾች እንዲህ የምንላት እዚያው አሠሪዋ ቤት እያደረች የምትሠራዋን ነው። ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ የፊሳ የራሷ ቀን ነው ይባላል፤ ሲኞራ ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ግን የእኔ ሐሙስ አንድ ሰዓት ብቻ ሆናለች፣ እሷንም ገበያ እየሮጥኩ አሳልፋታለሁ። በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ እንኳ ዓይኔ ከስልኬ ሰዓት ላይ አይነሣም፤ የተዋሰችውን ቀሚስ ለብሳ ሠርግ እንደሄደች ሴት ልቤ መመለሱ ላይ ነው።

ዓሣ ሻጩ ጋምበሪውን እየመዘነ "ሶሬላ፣ እህቴ፣ ይቺን ደግሞ እያት" ብሎ ከበረዶው ውስጥ አንዲት ዓሣ መዞ አወጣ። ቆሮሶ ነበረች። ግራጫ፣ ጎኗ ላይ ደብዘዝ ያለ ሰንበር ያላት፣ የሐዋሳ ልጅ ሁሉ ፊደል ከመቁጠሩ በፊት የሚያውቃት ቆሮሶ። ሳላስበው ጀርባዋን ስዳብስ የክንፏ እሾህ አውራ ጣቴን ወጋኝ፣ እኔም እዚያው በረዶው ፊት ቆሜ፣ ጣቴን እንደ ሕፃን እየመጠጥኩ፣ በእግሬ ወደማልደርስበት አገር ሄድኩ።

አባባ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ዓሣ ቤት ነበረው። ዓሣ ቤት ስል ግድግዳና በር ያለው እንዳይመስላችሁ፤ አራት ቋሚ፣ ከላይ ጥቂት ቆርቆሮ፣ ሦስት ረጃጅም አግዳሚ ወንበር፣ ከኋላ ደግሞ እማዬ ዘይቷን የምታንተከትክበት ጢሳም ጥግ፣ በቃ። ውኃው ከመቅረቡ የተነሣ ነፋስ በበረታበት ከሰዓት የእንግዶቹን ነጠላ ጫማ ማዕበሉ ይዞባቸው ይሄድ ነበር፤ ታናሽ እህቴ ሰናይትና እኔ ቀሚሳችንን ሰብስበን እየተንቦጫረቅን እናመጣላቸዋለን፣ አንዳንዴም የአንዱን ለሌላው ሰጥተን እንግዶቹ ሳያውቁት ተለዋውጠው ይሄዳሉ። ማለዳ ታንኳዎቹ ሲጠጉ አባባ መርጦ ይገዛና ዝርግ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ይገፍፋል። ቢላዋውን ከዓሣዋ ጉንጭ ሥር አስገብቶ አንዴ ይስብና የቆዳውን ጫፍ በጥርሱ ነክሶ ይዞ ሥጋውን ወደ ታች ይገሸልጠዋል፤ ትንሽ ሆኜ ለአባት ሁሉ ጥርስ የተሰጠው ለዚህ ይመስለኝ ነበር። ሆድ ዕቃውን ሲወረውር ደግሞ አባ ኮዳዎቹ አሉ። እነዚያ ራሰ በራ፣ ጉሮሯቸው ላይ ከረጢት ያንጠለጠሉ ትልልቅ ወፎች ለቅሶ ቤት እንደመጡ ሽማግሌዎች ተሰልፈው፣ ዝም ብለው፣ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ሰናይት አንዱን "ዳይሬክተሩ" ብላ ሰይማው ነበር፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከሚንጎራደደው የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር በአረማመድ አይለይምና።

ቆሮሶዋ ጎንና ጎኗ ተተልትሎ፣ ሙሉዋን፣ ጅራቷ እስኪንኮሻኮሽ ትጠበስና ከሎሚ፣ ከዳቦና ከዳጣ ጋር ትቀርባለች። ዳጣው ከአዲስ አበባ የመጣን እንግዳ ሁሉ ያስለቅስ ነበር፤ እማዬም በዘይቱ ጢስ መሐል አንገቷን አስግጋ ታይና ሙያዋን በእንባቸው ትለካ ነበር። እኛ ልጆቹ የምንበላው እንግዳ ሲቀል ነው። አባባ እጁን ታጥቦ መሐላችን ይቀመጥና ሥጋውን በአውራ ጣቱና በሁለት ጣቶቹ መሐል አድርጎ ቀስ ብሎ ያሸዋል። ቢላዋ የቆራረጣቸው፣ ሎሚ በነካቸው ቁጥር የሚያቃጥሉት ጣቶች ነበሩ፣ ግን ከፀጉር የቀጠነች እሾህ አታመልጣቸውም። ያገኛትን ከሳህኑ ዳር ያስቀምጥና "በይ" ይላል፣ አፌን እከፍታለሁ። ከአባባ እጅ በልቼ አንድም ቀን እሾህ ጉሮሮዬን ወግቶኝ አያውቅም።

ተገፍፎና ተቆራርጦ ለሚጠበሰው ዓሣ ደግሞ ሁለት ሳፋ ነበረን፤ ሰማያዊው የቆሮሶ፣ ቀዩ የአምባዛ። አምባዛም እንደ ጋምበሪዋ ጺማም ነው፣ ቅርፊትም የለውም፤ ፈልጎ የሚበላው ሰው አለ፣ ብዙው ምእመን ግን አይነካውም። አንዴ ከተገፈፈ በኋላ ላልለመደ ዓይን ከቆሮሶ የሚለየው ሳፋው ብቻ ነው። ያልተገፈፈው አምባዛ ደግሞ ግማሹ በተቆረጠ በርሜል ውስጥ ይቀመጥ ነበር፤ ነፍሱ ጽኑ ነው፣ አንድ ጣሳ ውኃ ከተረፈችለት አፉን እየከፈተና እየዘጋ ቀኑን ሙሉ ይቆያል። እንግዶቹ ከበው ይሥቁበት ነበር፣ እኔም አብሬ እሥቅ ነበር።

አሥር ዓመቴ ነው፣ የሐምሌ ገብርኤል ዕለት። ለንግሡ ከየአገሩ የመጣው ሰው ካፊያውን ሽሽት ቆርቆሯችን ሥር ተጠጋግቶ ተቀምጧል፤ ከመሐላቸው የቤታችን የንስሐ አባት ከገጠር ዘመዶቻቸው ጋር አሉ። አባባ ተጨማሪ ዓሣ ሊያመጣ ወደ ታንኳዎቹ ወርዷል። ሰማያዊው ሳፋ ባዶ ነው፣ እማዬ ፊቷን ወደ ዘይቱ አዙራ "ቶሎ በይ፣ አባ እየጠበቁ እኮ ነው!" ትላለች። እኔም ከቀዩ ዘግኜ ሰጠኋት። ለምን እንዳደረግሁት ዛሬም በቅጡ አላውቀውም፤ አባ ተርበው ከሚጠብቁ ይሻላል ያልኩ ይመስለኛል። አባ በሉ፣ ጣፈጣቸው፣ ጨመሩ፣ ከዚያም "እደጊ ልጄ" ብለው በመስቀላቸው ባረኩኝ።

አባባ ሲመለስ ቀዩን ሳፋ አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየኝ፤ መጠየቅ አላስፈለገውም። ማንም አላወቀ፣ ማንም አያውቅም ነበር፤ እማዬ ክንዱን ይዛ "ተወው፣ አንዴ ተበልቷል እኮ" ብላ ለመነችው። እሱ ግን እጁን ታጠበ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ እንግዶቹ መሐል ሄዶ ቆመና "አባ፣ የበሉት አምባዛ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው" አለ። ከዘመዶቻቸው አንዷ ተነሥታ ከዋርካው ጀርባ ስትተፋ ሰማሁ። አባ እጃቸውን ብዙ ጊዜ ወስደው ታጠቡና ጥላቸውን ዘርግተው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ደጃችንን አልረገጡም፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰውም ሰው ዓሣ ሲያምረው እኛን አልፎ ታች ያለው ሌላ ዓሣ ቤት መግባት ጀመረ።

አባባ አልመታኝም። የዚያን ዕለት እንደ ወትሮው ሊያጎርሰኝ ሲል ግን ጉርሻውን አፌ ጋ አድርሶ ያዝ አደረገና "ሰው ፊትሽ አፉን የሚከፍተው አምኖሽ ነው፣ አስቱ" አለኝ። ከዚያ አጎረሰኝ፣ ዓሣውን ከእንባዬ ጋር ዋጥኩት።

እኔ ያንን ሰው አራት ዓመት ሙሉ በስልክ ውሸት ሳጎርሰው ኖሬያለሁ። ወረቀት የሌለን ሠራተኞች በአሠሪያችን በኩል ሕጋዊ እንድንሆን ሳናቶሪያ ሲወጣ ሲኞራ አስመዘገቡኝ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ፔርሜሶዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ እጠብቃለሁ። ሳይሰጠኝ ከጣልያን ከወጣሁ መመለስ የለም፤ የአባባ የልብ መድኃኒት ደግሞ የሚሄደው ከዚህ ከእጄ ነው። ከእሱ የለየኝና እሱን ያቆየልኝ ነገር አንድ መሆኑ ያንገበግበኛል፣ በማን ላይ እንደምቆጣ ግን አላውቅም። እናም "መቼ ነው የምትመጪው?" ሲለኝ "ለሐምሌ ገብርኤል" እላለሁ፣ ሐምሌ ሲያልፍ "ለታኅሣሥ ገብርኤል"። እማዬ ስትሞት እንኳ "ለአርባዋ እደርሳለሁ" ብዬው ነበር። ከሲኞራ ወጥ ቤት መስኮት የሚታየው የጓሮው ግድግዳ ብቻ ነው፤ አንዳንዴ ሰሃን እያጠብኩ አፌን ስከፍትና ስዘጋ ራሴን አገኘዋለሁ፣ በርሜሉ ውስጥ ያለው አምባዛ ትዝ ይለኛል፣ ያን ጊዜ ምኑ እንዳሣቀኝ አይገባኝም።

ባለፈው ሳምንት ሰናይት ደወለችልኝ። አባባ እህል አልቀምስ ብሏል። አልጋውን ወደ መስኮቱ አስዙሮ መንገዱን እያየ ይውላል። "አስቱ ለታኅሣሥ ትመጣለች፣ ያኔ አብረን እንበላለን ነው የሚለኝ" አለችኝ፤ "ሐኪሙ ግን እስከ ታኅሣሥ..." ብላ ተወችው። ታኅሣሥ አንድ ወር እንኳ አልቀረውም።

ጋምበሪውንም ቆሮሶዋንም ገዝቼ እየሮጥኩ ተመለስኩ። ሲኞራን ወጥ ቤት ጠረጴዛው ጋ አስጠግቼ፣ ጋምበሪውን ቀቅዬ ልጣጩን ገፍፌ፣ በእጄ እያደቀቅሁ አቀመስኳቸው። "አሎራ፣ እንግዲህ ይኼ የወንዝ ነው" አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ እሳቸውም ወዴት እንደሄዱ ባውቅም አልጠየቅኳቸውም። ቆሮሶዋን ጎንና ጎኗን ተልትዬ ዘይት ውስጥ ከተትኳት። ጢሱ ሲነሣ የአባባ ቤት ሁሉ መጣ፣ ዋርካው፣ ቀዩ ሳፋ፣ የእማዬ የተሰበሰበ ሻሽ፣ ዳይሬክተሩ፤ ከዚያ ሁሉ ዛሬ በቦታው ያለው ውኃው ብቻ ነው። ዋርካው ተቆርጧል፣ ዳርቻው ሲታጠር ዓሣ ቤቱ ፈርሷል፣ እማዬ የለችም፣ የአባባም ጥርሶች የሉም። የቀረኝ አባባ ነው፣ እሱንም መስኮት ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ስልኬን ከዘይቱ ጠርሙስ አስደግፌ ደወልኩ።

ሰናይት ትራስ ደግፋው፣ ዓሣ የቀረበበት ሳህን ይዛ አጠገቡ ተቀምጣ ነበር። ፊቱ አንሷል፣ ጆሮው ብቻ እንደ ድሮው ትልቅ ነው።

"አስቱ፣ ገብርኤል ደረሰ አይደል?" አለኝ።

"አባባ፣ ለገብርኤል አልመጣም። ባለፈውም እመጣለሁ ስልህ እንደማልመጣ አውቅ ነበር። ፔርሜሶዬ፣ ወረቀቴ ገና አልወጣም። ዋሽቼህ ነው።"

ሰናይት እጇን አፏ ላይ አደረገች። አባባ ዓይኑን አጥብቦ አየኝ። ያለቅሳል ብዬ ጠበቅሁ፣ ፊቱን ያዞርብኛል ብዬ ፈራሁ።

"ይኼኛውንም ቀይ ሳፋ ካየሁት ቆየሁ" አለኝ። "አንቺው እስክትነግሪኝ ነበር የጠበቅሁት።"

ከኋላዬ ቆሮሶዋ ዘይቱ ውስጥ ትንጣጣለች።

"ምን እየጠበስሽ ነው?"

"ቆሮሶ።"

"በልተሻል?"

"ገና ነኝ።"

ወደ ሰናይት ዞሮ "አምጪው እስቲ" አላት፣ ሳህኑን አቀረበችለት። ጣቶቹ ከዓሣው ቆረሱ፣ አሹት፣ ጊዜ ወስደው አሹት፣ አንድ ነገር አገኙና ከሳህኑ ዳር አኖሩ። ከዚያም ጉርሻውን ወደ ስልኩ ዘረጋው። እየቀረበ እየቀረበ መጥቶ ስክሪኑን ሞላው፣ ከጣቶቹ በቀር የማየው ነገር አልነበረም።

"በይ" አለኝ።

ሲኞራ ዓይናቸውን ገልጠው ያዩኛል። አፌን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ አኘክሁ።

"ዋጥሽው?"

"ዋጥኩት።"

"እሾህ አለው?"

"የለውም፣ አባባ" አልኩት። ከአባባ እጅ በልቼ ጉሮሮዬን ሲወጋኝ ያ የመጀመሪያው ነበር።