ጨውም ልክ ነው

ይህ የገጠመኝ በደርግ ጊዜ ነው፤ በሰባዎቹ መጀመሪያ፣ ፍልሰታና ረመዳን አንድ ላይ በገቡበት ነሐሴ። ይኸው ጸጉሬ ሸብቶ፣ ጡረታ ወጥቼም አልረሳሁት። ድስት ጥጄ ጨው በእጄ በያዝሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ለብቻዬ ስስቅ ያዩኝ ልጆቼም «እማዬ ጀመራት» ይላሉ።

ያን ጊዜ ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የሥነ ምግብ ባለሙያ ነበርሁ። ሥራዬ እናቶችን ሰብስቦ የልጅ ምግብ አሠራር ማሳየት ነው። አባቴ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ እሳቸው ሲሞቱ እናቴና እኔ ብቻ ቀረን። እናቴ ዓይናቸው ፈዞ ከጓዳ እስከ ደጅ ግድግዳ እየዳበሱ ነው የሚሄዱት። ከእኔ በቀር ሰው አልነበራቸውም።

አንድ ቀን ከበላይ ትእዛዝ መጣ። የሥነ ምግብ ባለሙያ ሁሉ የሙያ ማደሻ ኮርስ ይወስዳል፤ መጨረሻ ላይ ተፈትኖ ያለፈ የሙያ ካርዱ ይታደስለታል፤ የወደቀ ቆላ ይላካል ተባለ። ለካ እኛ ሳናውቀው እውቀታችን ዝጎ ኖሯል። ስለ ዝገቱስ ግድ አልነበረኝም፤ ጭንቄ ቆላው ነው። እናቴን ለማን ትቼ ነው የምሄደው?

ኮርሱ ሐይቁ ዳር ባለ አዳራሽ ተከፈተ። ኃላፊው ጓድ ምትኩ የሚባል ካድሬ ነበር። ረዥም ነው፣ ካኪ ለባሽ፣ ሲናገር ጠረጴዛ ይደበድባል። ስለ ምግብ የሚያውቀው መብላቱን ብቻ ነው እያልን እናማው ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ተነሥቶ፣ «ሆዱን የሚያስርብ ባለሙያ ሰፊውን ሕዝብ ብላ ብሎ ማስተማር አይችልም» አለ። ጾም የኋላ ቀርነት ምልክት እንደ ሆነ አስረዳን። ቀጥሎ ስለ ፈተናው ተናገረ። ለሕፃን የሚሆን ገንፎ በወተትና በእንቁላል እንሠራለን፤ የሠራነውንም እሱ ፊት ቀምሰን እንውጣለን። ያልዋጠ ወደቀ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ እሱ ራሱ ቀምሶ ይፈርዳል። ቀማሽነቱን ለሌላ ሰው አላምንም ብሎ ለብቻው ይዞት ነበር።

ከአዳራሹ አብዛኛው ሰው ፍልሰታን ጿሚ ነው፤ እኔና ጥቂት ሌሎች ደግሞ ረመዳን ይዘናል። ንግግሩ ሲያልቅ ግን ያላጨበጨበ አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ስለ አብዮቱ፣ ከሰዓት በኋላ ስለ ምግብ ተማርን። ገንቢ፣ ኃይል ሰጪ፣ በሽታ ተከላካይ እያልን በባዶ ሆዳችን እንዘምራለን። የተላጠ እንቁላል ሥዕል ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ነበር። እኔ ከእሱ ፊት ለፊት ነበር መቀመጫዬ፤ እድሌ ነው።

ለፈተናው ሁለት ሁለት አድርገው ሲያጣምሩን የደረሰኝ አለምነው የሚባል የሐሙሲት ጤና ረዳት ነው። የቄስ ልጅ ነው፤ መዳፉ አካፋ ያህላል፣ ፍርሃቱም የዚያኑ ያህል ነው። ገንፎውን እያማሰለ፣ ዘይኑ ምን ይሻለናል፣ ዘይኑ ምን ይሻለናል ይለኛል። ዘይነባ ነው ስሜ። ምን እንደሚሻለንማ እኔስ መች አወቅሁ?

ለወጥ ሠሪ በምላሱ ጫፍ ቀምሶ መትፋት ይፈቀዳል የሚሉ አዋቂዎች አሉ። እኔ ግን ልጅነትም ነበረብኝ፣ ግትርነትም ነበረብኝ። ጾሜን በካድሬ ገንፎ አላስነካም ብዬ ማልሁ። አለምነውም ወተቱ ሲሸተው ፊቱን አዙሮ ነው የሚያማስለው። ጨው ጨመርሁና በቃው ይሆን ብዬ ብጠይቀው፣ እኔ ምን አውቃለሁ አለኝ። ውኃ ቀድቼ ስመለስ እጁን ሲያራግፍ አገኘሁት። ልብ አላልሁትም።

ተራችን ደረሰና ድስታችንን ይዘን ጓድ ምትኩ ፊት ቆምን። ማንኪያውን ሞልቼ አነሣሁ። በዚህ በኩል ጾሜ አለ፣ በዚያ በኩል ግድግዳ የሚዳብሱት እናቴ አሉ። ወላሂ እውነቱን ልናገር፣ መሐላዬ ቀረና እናቴ በለጡብኝ። ማንኪያውን ወደ አፌ አስጠጋሁት።

ይህን ጊዜ ጓድ ምትኩ ድንገት ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ያቺ ታንኳ ከዘጌ ነው የምትመጣው?» አለ።

ካድሬ ከዞረ የማይዞር የለምና አዳራሹ በሙሉ ወደ ጣና ዞረ። ታንኳዋ እንጨት ጭና እንደ ወትሮዋ ትሄዳለች፤ የሚታይ ነገር የላትም። እሱ ግን አየት አድርጎ አልተመለሰም፤ ቆሞ ያያታል። እኔ ማንኪያዬን ድስቱ ውስጥ መለስሁ፣ አለምነውም እንደዚያው። ሲመለስ ሁለታችንም አፋችንን እየጠረግን ጠበቅነው። አላህ ታንኳ ላከልኝ ብዬ በልቤ አመሰገንሁ።

እሱም በተራው ማንኪያ ሞልቶ፣ ጀርባውን ሰጥቶን፣ መስኮቱ ጋ ትንሽ ቆየ። ጉሮሮውን ጠረገና ለጸሐፊው፣ «ጥሩ ገንፎ ነው። ጨውም ልክ ነው» ብሎ አስጻፈ።

አለፍን። ቆላ ቀረ። በእግሬ ነው በክንፌ ነው የወጣሁት፣ አላውቅም።

ከገንፎው ጥቂቱን ለእናቴ በሳህን ያዝሁና የቀረውን ለልጆቻቸው ገንፎ ሊቀበሉ ውጭ ተራ ለሚጠብቁ እናቶች ሰጠሁ። አንዲት ሴት ለልጇ ብታጎርሰው ልጁ ፊቱን አጨማዶ ተፋው። እሷም ጿሚ ናትና ምን እንደ ነካው ልታውቅ አልቻለችም። እኔ የታደስሁት ባለሙያ ግን አወቅሁ። ልጅሽን ገንቢ ምግብ ስላላስለመድሽው ነው ብዬ ደህና አድርጌ ገሠጽኋት።

ማታ አዛን ሲባል እናቴ ተምራቸውን ቀምሰው፣ ካለፍሁበት ገንፎ አንድ ማንኪያ ጎረሱ። ማላመጣቸውን አቆሙ። ውኃ ጠጡ። ደግመው ጠጡ።

«ልጄ፣ በዚህ ነው ያለፍሽው?» አሉኝ። «ዓይኔ ነው እንጂ ምላሴ እኮ አልፈዘዘም።»

እኔም ቀመስሁ። የሕፃን ገንፎ አይደለም፤ ቆዳ ቢነክሩበት ይለፋል። የአለምነው እጅ ማራገፍ ያን ጊዜ ገባኝ። እኔ ጨምሬያለሁ፣ እሱም በዚያ አካፋ መዳፉ ጨምሮበታል፣ የቀመሰ የለም።

ቀጥሎ ሌላው ነገር ገባኝና ማንኪያው ከእጄ ወደቀ። ጨውም ልክ ነው ብሏል እኮ! ይህን ገንፎ የዋጠ ሰው ውኃ አምጡልኝ ይላል እንጂ ልክ ነው አይልም። ከእኛ በፊት የነበሩት ሲቀምሱም የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ ብሎ ነበር። ከእነሱ በፊት ደግሞ ዝናቡ አባራ እንዴ ብሎ ሁሉንም ወደ ጣሪያው አስመልክቷል። ታንኳዋን የላከልኝስ አላህ ነው፣ ያሳየኝ ግን ጓድ ምትኩ ነበር። ለካ ሰውየው ራሱ ፍልሰታን ጿሚ ነው!

ለአለምነው ልነግረው ቸኮልሁ። ለእናቴ ገና ስጀምርላቸው አፌን በእጃቸው ዳብሰው ያዙኝ።

«ዝም በይ። የሰው ጾም በአፍሽ አታፍርሺ።»

እውነታቸውን ነው። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ወሬ ካንዱ ጆሮ ወደ ሌላው ከገባ ሰውየውን ያጠፋው ነበር። ለአለምነውም ሳልነግረው ቀረሁ። ካርድ ሲታደልም ጓድ ምትኩ ጠረጴዛውን እየደበደበ፣ የሁላችሁንም ሞያ ቀምሰን አረጋግጠናል ብሎ ሲናገር፣ ከሰው ሁሉ አብልጬ ያጨበጨብሁ እኔ ነኝ።

መንግሥት ከተለወጠ ዓመታት በኋላ፣ አንድ እሑድ ጠዋት ጓድ ምትኩን ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላ አጣፍተው፣ ከዘራ ይዘው መንገድ ላይ አገኘኋቸው። እስካሁን «እሱ» እያልሁ የመጣሁት ጓድ ስለ ነበሩ ነው፤ ከዚህ ወዲያ አንቱ ልበላቸው። ሰላም ስላቸው ወዲያው ለዩኝ። የእናቴን ጤና ጠየቁኝ፤ ማረፋቸውን ስነግራቸው አዘኑ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ፣ የሚሰማቸው ሰው ያለ ይመስል።

«ለመሆኑ ዘይነባ፣ የዚያች ገንፎ ጨው እንዴት ነበር?»

«በዝቶ ነበር፣ ጋሼ» አልኋቸው።

መንገዱ መሀል ቆመው ሳቁ፤ በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን እስኪጠርጉ ድረስ። «ይኸው እስከ ዛሬ የሚነግረኝ ሰው አጥቼ» አሉ።

ድስት ጥጄ ለብቻዬ የምስቀው ይህን እያሰብሁ ነው። ያንን ፈተና በሞያዬ እንዳላለፍሁ አውቃለሁ፤ እናቴ ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው አጠገባቸው ነበርሁ። ስቄ ሲበቃኝ፣ ታንኳዋን ላሳዩኝ ሰው ዱዓ አደርጋለሁ፤ ጨዉንም እቀንሳለሁ።