ፍሬም ልሸጥ ብዬ ድንኳን ተተከለልኝ

ነገሩ የሆነው የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ፣ በኢሕአዴግ ዘመን፣ ፌስቡክ ሀዋሳ ውስጥ እንደ ባጃጅ መብዛት በጀመረበት ሰሞን ነው። የማልረሳው በሁለት ምክንያት ነው። የገዛ ለቅሶዬን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በዚያ ላይ ጽሑፌ ከመጠን በላይ ግሩም ስለነበር አንዲት ሴት ልትሞትብኝ ነበር።

መጀመሪያ ማንነቴን ላስቀምጥ። ዘለቀ እባላለሁ። ሀዋሳ፣ ታቦር ሰፈር የፎቶ ፍሬም እሠራለሁ። የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ማንበብ፣ መጻፍ፣ አናጢነት፣ ሬዲዮ መጠገን፣ ሁሉንም ራሴን በራሴ አስተምሬያለሁ፤ ቢያንስ እስከዚያ ቀን ድረስ የምናገረው እንደዚያ ነበር። ሰፈራችን ውስጥ ዲግሪ ያላቸው ሦስት ሰዎች አሉ። ሦስቱም ማመልከቻ የሚያስጽፉት እኔ ዘንድ ነው።

ያኔ መሃል ከተማ አንድ አዳራሽ ውስጥ «ምርትዎን በኢንተርኔት ይሽጡ» የሚል ሥልጠና ተዘጋጀና ሄድኩ። አሠልጣኙ ክራባት ያሰረ ወጣት ነው።

«ልጄ፣ አንተ በኢንተርኔት ምን ሸጠህ ታውቃለህ?» ብዬ ጠየቅኩት።

«አባባ፣ እኔ እኮ አሠልጣኝ ነኝ» አለኝ።

ሐይቅ ዳር ቆሞ ዋና የሚያስተምር ሰው ማለት ነው። ቢሆንም ሁለት ምክር ጻፍኩ። ሰው የሚገዛው ከሰው ስለሆነ ፊትዎን ያሳዩ። መጀመሪያ ታሪክዎን፣ መጨረሻ ላይ ዋጋዎን ይጻፉ።

በማግሥቱ ምርጡን ፍሬሜን አወጣሁ፤ ጥቁር ሆኖ ጠርዙ ወርቃማ ነው። ባዶውን እንዳይሆን ሙሉ ልብስ ለብሼ የተነሣሁትን ፎቶ ውስጡ አስገባሁ። ደጅ እንዳላነሳው ፀሐዩ መስታወቱ ላይ ያንጸባርቃል። ቤት ውስጥ ደግሞ መብራት እንደ ልማዱ ሄዷል። ስለዚህ ከግራና ከቀኝ ሻማ አበራሁ። እንዴት አማረ መሰላችሁ!

ከሥሩ ታሪኬን ጻፍኩ። «እኔ፣ እኔ» ማለት ጉራ ስለሚመስል በአንቱታ አደረግኩት። «አቶ ዘለቀ በይርጋለም ከተማ ተወለዱ። ራሳቸውን በራሳቸው አስተምረው ለታላቅ ደረጃ የበቁ፣ ታታሪ፣ ሰው አክባሪ፣ የእጅ ሥራቸው ለዘላለም የሚኖር…» እያለ ይቀጥላል። የፍሬሙ ልክና ዋጋው፣ አሠልጣኙ እንዳዘዘው፣ መጨረሻ ላይ ነው። ጽሑፉን እንደለቀቅኩ የስልኬ ባትሪ አለቀ። መብራቱም ስላልመጣ ስልኩ እንደጠፋ አደረ።

ጠዋት የእድራችን ጥሩምባ ተነፋ። «አቶ ዘለቀ፣ ፍሬም ሠሪው፣ አርፈዋል!» ይላል ለፋፊው። ታቦር ላይ ሌላ ፍሬም ሠሪ ዘለቀ መኖሩን እስከዚያ ቀን ባለማወቄ ተናደድኩ።

በሬን ብከፍት ድንኳን እየተተከለ ነው። ከጎኔ መስታወት የሚሸጠው ሹኩር የድንኳኑን ቋሚ ይዟል። ሲያየኝ ለቀቀው።

«ማን ሞቶ ነው?» አልኩት።

«እርስዎ ነዎታ! ወላሂ፣ ፌስቡክ ላይ ወጥቷል።»

«በሬን አታንኳኩም ነበር?»

«ጋሼ ዘለቀ፣ ስልክዎ ዝግ ነው። ብቻዎን ነው የሚኖሩት። ሻማው በርቷል። ምን እንበል?»

የሹኩርን ስልክ ተቀብዬ አየሁ። ሰው ሁሉ ያነበበው የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ብቻ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ዋጋ ቀንስ እያለ ሲነዘንዘኝ የኖረ ሰው «እጁ ወርቅ ነበር» ብሎ ጽፏል። በቁሜ ቢናገረው ምላሱን ያመው ነበር መሰለኝ።

ልስቅ ስል ሹኩር አንገቱን ደፋ። «ይርጋለም ለእህትዎም ተደውሏል» አለ።

ታላቅ እህቴ እትዬ አስካለ የሰባ ስምንት ዓመት አሮጊት ናት። ደም ግፊት አለባት። ሐኪሟ ድንጋጤ እንዳይነካት ብሏል።

«ምን አላችኋት?»

«መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ? ደህና ነው፣ ትንሽ አሞት ነው፣ ብቻ ቶሎ ይምጡ ነው ያልናት።»

በአገራችን «ደህና ነው፣ ብቻ ይምጡ» የተባለለት ሰው ከሞተ ቆይቷል። ወዲያው በሹኩር ስልክ ደወልኩላት። ያነሣችው ጎረቤቷ ናት። እትዬ እያለቀሰች ሚኒባስ ተሳፍራለች አለችኝ።

«ዘለቀ እኮ ነኝ፤ ደህና ነኝ!» አልኩ።

«አዎ ወንድሜ፣ ደህና ነው ብለውናል» አለችና ለቅሶዋን ለቀቀችው።

በባጃጅ ወደ መናኸሪያ በረርኩ። ድንኳኑን ሳታይ እኔን ማየት ነበረባት። ከይርጋለም የመጡትን ሚኒባሶች እየተዟዟርኩ ሳይ ሦስተኛው ላይ አገኘኋት። ነጠላዋን ለሐዘን አጣፍታ፣ ሌላ ጎረቤቷ፣ አንዲት መምህርት፣ ደግፋት ወረደች።

ፊቷ ቆሜ «እትዬ፣ ደህና ነኝ» አልኳት።

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። ጉንጬን ዳሰሰች። ከዚያ እግሯ ከዳትና መሬት ላይ ቁጭ አለች። ዓይኗ ተከደነ። እኔ የቆመ ሬዲዮ እጠግናለሁ፤ የቆመ ልብ መጠገን ግን አልተማርኩም። «እትዬ! እትዬ!» እያልኩ ጎንበስ ስል እጇ ተነሣና በጥፊ አጮለችኝ።

«አንተ ጉረኛ!» አለች። «ራሳቸውን በራሳቸው አስተምረው? ማታ ማታ ከሰል እያስያዝኩህ ወፍጮው ድንጋይ ላይ ፊደል ያስቆጠርኩህ ማን ነኝ? ሞተህ ሳለቅስልህ እንኳ የእኔን ስም ዋጥከው!»

ለካ መምህርቷ መንገድ ላይ ጽሑፉን አንብባላታለች። ለቅሶው ስለበረታ ዋጋው ጋ አልደረሱም።

ያን ያህል ሰው በተሰበሰበበት በጥፊ መመታት ለእኔ ዓይነት ሰው ቀላል አይደለም። ግን ጥፊዋ ብርቱ ነበር፤ በሕይወት እንዳለች ከዚያ የበለጠ ማስረጃ አልፈለግኩም። ዛሬም ሳስበው ጉንጬን ይሞቀኛል፤ ደስ ይለኛልም።

እንግዲህ በዚያ አንድ ቀን ያከናወንኩትን ልዘርዝር።

ሞቼ፣ ያለ ማንም እርዳታ፣ ጠዋት ተነሣሁ።

የራሴን ንፍሮ በላሁ። ጨው አንሶታል።

ድንኳኑ ሳይነቀል፣ ለለቅሶ ለመጣው ሰው አሥራ አንድ ፍሬም ሸጥኩ። ዋጋ ቀንስ ባዩ ሰውዬ ሁለት ገዛ፤ «እጁ ወርቅ ነበር» ካለ በኋላ መከራከር አፈረ። አሠልጣኙ ስንት እንደሸጠ አልሰማሁም።

በእድራችን፣ በፌስቡክ የተሰማ ሞት ሬሳ ሳይታይ ጥሩምባ እንዳይነፋበት ደንብ አስወጣሁ።

ማታ መብራት ሲመጣ ጽሑፉን አስተካከልኩ። እትዬ አጠገቤ ቁጭ ብላ እያየችኝ የመጀመሪያውን መስመር እንዲህ አደረግኩት። «አቶ ዘለቀን ፊደል ያስቆጠሯቸው እህታቸው ወይዘሮ አስካለ ናቸው።» ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ።

ከሀ እስከ ፐ የእሷ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ግን የእኔ ነው።