በሁለት አዲስ ጎማ ወደ ወረታ

ባሕር ዳር፣ ዋዜማው

በደርግ ጊዜ፣ በአንዱ ነሐሴ ነው፤ ከባሕር ዳር ወረታ ልንሄድ ስንነሣ እኔም ባለቤቴ አስካለም ደስታው አላስቀምጥ ብሎን ነበር። የታናሽ እህቷ ልጅ ሰማንያ ቀን ሞልቷት በማግስቱ ክርስትና ትነሣለች፤ የክርስትና እናቷም አስካለ ናት። እኛ ልጅ የለንም። ከዘገየን ግን ቄሱ አይጠብቁም፤ ሕፃኗን ሌላ ሰው ይቀበላታል።

የቸገረን ጎማ ነበር። አራቱም ሙልጭ ብለዋል። ጎማ እንደ ልብ በማይገኝበት በዚያ ዘመን ሐጂ ኑሩ የሚባሉ ነጋዴ ከሱቃቸው ጓዳ ሁለት አዲስ አወጡልኝ። ሰፋ ያለ ጥንድም ነበራቸው፤ አማረኝ፤ ጎኑ ላይ ያለው ቁጥር ከእኛ ጋር ስላልገጠመ ግን ተውሁት።

ጎሚስታው ዘንድ ክርክር ተነሣ። የመኪናችን ሞተር የሚያዞረው የፊቱን ጎማ ነው። ስለዚህ አዲሶቹ ከፊት ይግቡ፤ ከጭቃ የሚያወጡን እነሱ ናቸው አልሁ። ጎሚስታውም ተስማማ። አስካለ ግን አምና በዝናብ፣ ኩርባ ላይ ፍሬን ስይዝ፣ የመኪናዋ ኋላ ተንሸራቶ ፊታችንን ወደ መጣንበት እንዳዞረን አልረሳችም።

«ጭቃ ቢይዘን ሰው ይገፋናል፤ ገደል ብንገባ ማን ያወጣናል?» አለች።

ጎሚስታውን እንዳለችው አድርግ አልሁት። አዲሶቹ ከኋላ፣ ከአሮጌዎቹ የሚሻሉት ከፊት ገቡ።

መንገድ ላይ

ንጋት ላይ ሰዓት እላፊው እንዳበቃ የዓባይን ድልድይ ተሻገርን። ዝናቡ አላባራም፤ በግራችን ጣና በጭጋግ ተሸፍኗል። ሐሙሲት ሳንደርስ ቁልቁለት ላይ ስንታጠፍ ከብት መንገዱን ሞልቶ ጠበቀን። ፍሬን ያዝሁ። የመኪናዋ ፊት ትንሽ ተንሸራተተ፤ ኋላዋ ግን ንቅንቅ ሳይል ቀጥ ብላ ቆመች። ከደስታ ብዛት ጮኽሁ፤ አስካለ እየሳቀች ትከሻዬን መታችኝ።

ፎገራ ሜዳ ላይ ደግሞ እኔ የፈራሁት ደረሰ። የፊት ጎማዎቹ ጭቃ ውስጥ ባሉበት ይሽከረከሩ ጀመር። ሰዓቱ ይሮጣል፤ አስካለ ነጠላዋን አጣፍታ ልትገፋ ወረደች። ከማሳቸው የመጡ ገበሬዎች ወዴት እንደምንሄድ ጠየቁን። ነገርናቸው።

«የክርስትና እናት ትገፋለች እንዴ? ይግቡ እንጂ እመቤቴ» አሉ ሸምገል ያሉት። ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ነሰነሱና ገፍተው አወጡን።

ወረታ

ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ስንደርስ አንዲት ጎረቤት በአስካለ ፈንታ ልትቀበል ተዘጋጅታ ቆማ ነበር። የፍልሰታ ቅዳሴ ወደ ቀትር መሆኑ በጀን። አስካለ ጫማዋን አውልቃ ሮጠች። ሕፃኗ ከውኃው ወጥታ ስታለቅስ አስካለም ታቅፋት ታለቅስ ነበር፤ እኔም አልቻልሁም።

ስንመለስ

በማግስቱ ባሕር ዳር በሰላም ገባን። የፊት ጎማ የሚጎትታት መኪና እንኳ ብትሆን፣ ሁለት አዲስ ጎማ ብቻ ካለ ቦታው ከኋላ መሆኑን ያን ጊዜ ተማርሁ፤ ላገኘሁት ሁሉም አወራሁ። የአስካለ ሐሳብ ግን ከጎማው ላይ አልነበረም። ቤት ገብተን መብራት ሳበራ ሕፃን እንዳቀፈ ሰው ክንዷን አጥፋ ቆማለች።

«አሁንም እዚህ ላይ ያለች ይመስለኛል» አለችኝ።