ክላይቭ ትሬሎር ያልያዘው ካርፕ

ክላይቭ ትሬሎር ማረምቢጂ ወንዝ ዳር ሰባ ዓመት ሲኖር ካርፕ የሚባለውን መጤ ዓሣ በስሙ የሚጠራው ከስንት አንዴ ነው። «የወንዝ አሳማ» ነው የሚለው፤ ሲብስበት ደግሞ ለጆሮ የማይመች ስም ያወጣለታል። ውኃው የደፈረሰው በካርፕ ነው፤ የአገሩ ዓሣ የጠፋው በካርፕ ነው፤ አንዴማ የጉልበቱን ሕመም ሳይቀር በካርፕ ሲያሳብብ ሚስቱ ኖሪን በጆሮዋ ሰምታለች። የተያዘ ካርፕን ከነሕይወቱ ወደ ውኃ መመለስ በሕግ ክልክል ነው። ክላይቭ ግን ሕጉ ብቻውን አልበቃው ብሎ፣ ወንዙ በሚታጠፍበት ቦታ ካለው ትልቅ ባሕር ዛፍ ላይ በገዛ እጁ የጻፈውን ሰሌዳ ሰቅሏል፦ «የያዝከውን ካርፕ ግደል። የሚለቅ ሰው ከካርፕ አይሻልም።»

በጋው ሊያልቅ ሲል የካርፕ ቀን ይከበራል። የከተማው ሰው የማጥመጃ ዘንጉንና ለዓሣው የሚሆን የበቆሎ ጣሳውን ይዞ ዳር ዳሩን ይሰለፋል፤ ክላይቭ ፒክአፑ ላይ ቆሞ ፊሽካ ይነፋል፤ እስከ አሥር ሰዓት የተያዘው ሁሉ ተመዝኖ ለማዳበሪያ ይጫናል። ፊሽካዋን ሃያ ሁለት ዓመት የነፋት እሱ ነው። አርባ ዓመት የመስኖ ቦይ ሲከፍትና ሲዘጋ ኖሮ ጡረታ ከወጣ ወዲህ፣ ሰው «ክላይቭ የት አለ?» ብሎ የሚጠይቀው በዚያች ፊሽካ ምክንያት ብቻ እንደሆነ ያውቃል። አይናገረውም እንጂ ያውቃል። ኩሽና ውስጥ ሚስማር ላይ ሰቅሏታል፤ ኖሪን አቧራዋን ስታራግፍ እንኳ አጠገቧ ቆሞ ይጠብቃል።

ነገሩን ያበላሸችው ሲድኒ ያለችው ልጁ ናት። ለሰባኛ ዓመት ልደቱ አንድ ቀጭን ዘንግ፣ ወፈር ያለ ክርና ላባ የተጠቀለለባቸው ትናንሽ መንጠቆዎች ላከችለት። ዓሣው ላባውን ዝንብ ወይም ትል መስሎት እንዲጎርስ ነው። ይህ የተራራ ሰዎች ጨዋታ ነው፤ እዚያ በቀዝቃዛ ጅረት ውስጥ የተከበረ ዓሣ አለ። እነ ክላይቭ ሰፈር ያለው ካርፕ ነው።

«ታዲያ በዚህ ምን ልትይዝበት ነው?» አለው ዱጊ መጠጥ ቤት ውስጥ። ዱጊ ጡረታ የወጣ በግ ሸላች ነው፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምረው ሲነታረኩ አብረው አርጅተዋል።

«ካርፕ ነዋ።»

«በላባ? ኧረ ተው ወንድሜ! ለሱ እኮ ዓይንም ትዕግሥትም ያስፈልጋል። አንተ ደግሞ ሁለቱም የሉህም።»

«ካርፕ ደደብ ነው! የሲጋራ ቁራጭ ብትወረውርለት ይጎርስልሃል።»

«እንግዲያው እስከ ካርፕ ቀን ዋዜማ አንድ፣ አንድ ብቻ በላባ ያዝና ሬሳውን እዚህ ባንኮኒ ላይ አጋድምልኝ። ካቃተህ ፊሽካዋ የኔ ናት።»

ክላይቭ ማሰብ በነበረበት ሰዓት እጁን ዘረጋና ተጨባበጡ።

ደደቡ ዓሣ ግን ውርርዱን የሰማ ይመስል ነበር። በመጀመሪያው ቀን ክላይቭ ሦስት ጊዜ ወረወረ፤ ሁለቱን ባሕር ዛፉ፣ አንዱን የገዛ ጆሮው ያዘው። በሁለተኛው ሳምንት ላባውን ውኃ ላይ ማሳረፍ ቻለ፤ ካርፖቹ ግን ከማረፉ በፊት ሄደዋል። ኮቴውን ይሰማሉ። ጥላውን ያያሉ። ነጭ ባርኔጣውን ከሩቅ ያውቁታል። በዕድሜው ለማንም ጎንበስ ብሎ የማያውቅ ሰው ባርኔጣውን አውልቆ፣ በታመመው ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ እየዳኸ መሄድ ጀመረ።

«ምን ሆነህ ነው?» አለችው ኖሪን ሱሪውን እያየች።

«ዓሣ እየጠበቅኩ ነበር።»

«በጉልበትህ? ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ እንኳ ጉልበቴን አሞኛል ብለህ ትቀመጥ የለ?»

ከሁሉም በላይ ያንገበገበው ጭራው አንድ በኩል የተቦጨቀ፣ ወርቅማ ትልቅ ካርፕ ነው። ጠዋት ጠዋት ከሰሌዳው ሥር ጥልቅ ባልሆነው ውኃ ውስጥ ራሱን ጭቃ ውስጥ ቀብሮ፣ ጭራውን ወደ ላይ አድርጎ ምግቡን ይለቅማል። ላባው ሲቀርብለት ዞሮ ያየዋል፤ ወደ አፉ ይስበዋል፤ ከዚያ ክላይቭ ዘንጉን ከማንሳቱ በፊት እትፍ ይለዋል። ክላይቭ «ሊቀመንበሩ» አለው፤ ስብሰባ ላይ የቀረበለትን ሐሳብ ሁሉ እንደዚያ የሚተፋ አለቃ ነበረውና። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ካርፕን በሺህ ሲያስጨርስ፣ አንዱን ከሌላው ለይቶ ሲያውቅ ይህ የመጀመሪያው ነው። ከሳምንታት በኋላ ደግሞ፣ አልጋው ላይ ሆኖ ሊቀመንበሩ ነገ ከየት በኩል እንደሚመጣ እያሰበ መሆኑ ታወቀው። ተናደደ። ግን ማሰቡን አልተወም።

የዋዜማው ዕለት ጠዋት ያለችው የመጨረሻዋ ዕድል ነበረች። ክላይቭ ወንዙ መታጠፊያ ላይ ተንበርክኮ ቡናማዋን ላባ ከሊቀመንበሩ አፍንጫ አንድ ክንድ ፊት ለፊት አሳረፋት። ካርፑ ዞረ። ነጩ ከንፈሩ ተከፈተ። ክላይቭ በበጋው ሙሉ ያልቻለውን ነገር ቻለ፤ ታገሠ። ከንፈሩ ሲዘጋ ዘንጉን አነሣ።

ከዚያ የሆነውን ለማንም ስላልነገረ በሙሉ አይታወቅም። ግማሽ ሰዓት ያህል ታግሏል፤ አንድ ጫማው ጭቃ ውስጥ ቀርቷል፤ በመሐል እንደ ልጅ ጮኾ ስቋል። ሊቀመንበሩ በመጨረሻ መረቡ ውስጥ በጎኑ ተኝቶ አፉን ከፈት ዘጋ ሲያደርግ፣ ክላይቭ ለዚሁ ሥራ ዘወትር የሚይዛትን የእንጨት መዶሻ ከወገቡ መዘዘ። ፊሽካዋ ከእጁ አትወጣም ማለት ነው። ቀና ሲል የገዛ ሰሌዳው በላዩ ላይ ተሰቅሏል።

አዘነለት እንዳይባል፣ ክላይቭ ለካርፕ የሚያዝን ሰው አይደለም። ያፈረ ግን ይመስለኛል። በሰባ ዓመቱ መታገሥን፣ ማየትን፣ ቀስ ብሎ መሄድን ያስተማረው ይህ ፍጥረት ነው፤ አሁን ዱጊን አፉን ለማስያዝ ብሎ ጭንቅላቱን ሊመታው ነው። ወዶታል፤ ነገሩ ይኸው ነው። ግራ ቀኙን እንደ ሌባ ቃኘና መንጠቆውን ነቀለ፤ በሁለት እጁ ደግፎ ውኃው ውስጥ ያዘው። ሊቀመንበሩ ፊቱ ላይ ጭቃ ረጭቶበት ሄደ።

ማታ መጠጥ ቤት ሲገባ ሁሉም ዞረው አዩት።

«እህሳ! የት አለ ሬሳው?» አለ ዱጊ።

«አልያዝኩም።»

«አንድም?»

«አንድም።»

ዓሣ አጥማጅ ሁሉ ይዋሻል፤ ሲዋሽ ግን የሚጨምር እንጂ የሚቀንስ በዚያ ወንዝ ዳር ታይቶ አይታወቅም። ስለዚህ ሁሉም አመኑት። ዱጊ እጁን ዘረጋ፤ ክላይቭ ፊሽካዋን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። ዱጊ እንደሚስቅበት ጠብቆ ነበር። ዱጊ ግን «አይዞህ፣ አርጅተናል እኮ» ብሎ ቢራ ጋበዘው፤ ከስድቡ ሁሉ የከበደው እሱ ነው።

በማግስቱ ፊሽካዋን ዱጊ ነፋት፤ ያውም አሳምሮ። ክላይቭን ሚዛን ላይ አቆሙት፤ ኖሪን ክብደቱን ትጽፋለች። ሃያ ሁለት ዓመት የመጣውን ዓሣ ብዛት ብቻ ሲያይ የኖረው ሰው ዛሬ የእያንዳንዱን ጭራ ያያል። አንድ መቶ። ሁለት መቶ። አሥር ሰዓት ሊሞላ ሲል አንድ ገበሬ በእርጥብ ማዳበሪያ ከረጢት ትልቅ ነገር ተሸክሞ መጣ። ወርቅማ ነው። ክላይቭ ሚዛኑን ረስቶ ጎንበስ አለ። ከረጢቱን ገለጠ። ጭራው ሙሉ ነው።

«ተመስገን!» አለ ጮክ ብሎ።

«ምን አልክ?» አለው ዱጊ።

«ስድስት ኪሎ ተኩል አልኩ።»

ኖሪን ቀና ብላ አየችውና ጻፈች።

መኪና ውስጥ ገቡ። በሩን ስትዘጋ ነው «የቱ ጋ ነው?» ያለችው።

«ምኑ?»

«የለቀቅከው ዓሣ።»

ክላይቭ ቁልፉን እንደያዘ ቀረ። «ማን ነገረሽ?»

«የትናንት ሸሚዝህ። አርባ አንድ ዓመት ያጠብኩት ሸሚዝ ነው። አንድም ዓሣ ያልነካ ሰው እንደዚያ አይሸትም።»

«ሰሌዳው ሥር ነው» አለ ክላይቭ በቀስታ። ከዚያ «ለዱጊ ልትነግሪው ነው?» አላት።

«ምን ብዬ? ባሌ ከካርፕ አይሻልም ብዬ?»

መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት። ክላይቭም ሳቀ፤ ሲስቅ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

በነጋታው ዘንጉንና አንድ ጣሳ ቀለም ይዞ ወደ ወንዙ ወረደ። የሰሌዳውን ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር ቀባና አጠፋው። የመጀመሪያውን ተወው፤ ሕግ ነውና። ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ ጭቃው ላይ ተንበረከከ።