ቀሪ እና አስቀሪ

ቢቸና ላይ በጡረታ ከተቀመጥሁ ወዲህ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። መተዳደሪያ ደንቡን ያረቀቅሁትም እኔው ነኝ። ሞጣ በመንግሥት ሥራ ላይ ሳለሁ በክረምት መርሐ ግብር ሶሺዮሎጂ ተምሬ ነበርና፣ ኅብረተሰብ አባሉን ያለ ፖሊስና ያለ ፍርድ ቤት እንዴት እንደሚገራ አውቃለሁ ባይ ነበርሁ። በሐሜት፣ በሳቅ፣ በማግለል ይገራል። ለፈተናው የጻፍሁት ይህንኑ ነው፤ ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁበት።

የደንባችን አንቀጽ ሰባት «ሦስት ቀብር በተከታታይ የቀረ ይሰረዛል» ይላል። «ያለ በቂ ምክንያት» የሚለው ሐረግ ይጨመር ሲባል፣ ለአተረጓጎም በር ይከፍታል ብዬ ተከራክሬ አስቀረሁት።

ጎረቤቴ ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣች አዋላጅ ነርስ ነበረች፤ ከአሮጊት እናቷ ጋር ትኖር ነበር። ከቀብር መልስ ስም ስጠራ ለሦስተኛ ጊዜ «ቀሪ» ብዬ መዘገብኋት። በወሩ ስብሰባ ላይ ተነሥታ ቆመች።

«ጋሼ፣ እኔ ቀሪ አይደለሁም፤ አስቀሪ ነኝ። ያን ዕለት ደም የሚፈስሳትን ወላድ ከቀብር ሳስቀር ነው የዋልሁት።»

ሊቀ መንበሩ አላስጨረሷት። «በጎጃም ምድር ቅኔ ልትዘርፊብን? ቅኔውን ለእኛ ተዪና አንቺ መርፌሽን ያዢ፣ ልጄ!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ።

እውነቱ ከእሷ ጋር እንደ ነበር አውቃለሁ። ደንቡን የጻፈው ሰው አንድ ቃል ቢናገር ይበቃ ነበር። ነገር ግን «ለጎረቤቱ አደላ» ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ይሉኝታ የምንለው ይህ ነው። በዚያ በማይነቀፍ የእጅ ጽሑፌ «ተሰርዛለች» ብዬ አሰፈርሁ።

ብዙም ሳይቆይ እናቷ ዐረፉ። የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ በእኔ እጅ ስለ ነበር ማለዳ በሬን አንኳኳች።

«ጋሼ፣ ሰው አልለምንም። ድንኳኑን ብቻ።»

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። «ደንቡን ታውቂዋለሽ» አልኋት።

«ደንቡንማ የጻፉት እርስዎ ነዎት» ብላኝ ሄደች።

አስከሬኑን የጤና ጣቢያው ባልደረቦቿ ስድስት ሆነው ተሸክመው በደጄ አለፉ። ጋቢዬን እንደ ለበስሁ ከመስኮቱ ኋላ ቆሜ፣ ከሰፈሩ ማን እንደሚወጣ ጠበቅሁ። አንድ ሰው ቢቀድመኝ እከተል ነበር። ማንም አልወጣም፤ እያንዳንዱ በየመስኮቱ ቆሞ የሌላውን ደጃፍ ይመለከት ኖሯል።

እሷ አሁን ወደ የጁቤ ተዛውራለች። ትናንት መዝገቡን ከፍቼ ስሜን ፈለግሁ። በስሜ ትይዩ አንድም «ቀሪ» አልተጻፈበትም። በእናቷ ቀብር ላይ ስም አልተጠራም።