የቤላ ለቅሶ

ይኼን ሳወራ የማያምነኝ ካለ እናቴን መጠየቅ ይችላል።

ክላራ ከጀርመን ለትምህርት መጥታ ቂርቆስ፣ እኛ ግቢ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያው ሰፈር ባለው የአረጋውያን ማዕከል በነፃ ታገለግላለች። የእማማ ዘነበችን ፀጉር የምታበጥረው እሷ ናት።

አንድ ጠዋት ቧንቧው ጋ ቆማ ስታለቅስ እናቴ ደረሰችባት።

"ቤላ ሞተች። አብረን ነው ያደግነው" አለቻት ክላራ።

በቃ! እናቴ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ወጣችና "ልጅቷ እህቷ ሞታባት" እያለች ሰፈሩን አዳረሰች።

አመሻሽ ላይ ክላራ ከትምህርት ስትመለስ በሯ ላይ አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል፤ ጎረቤቱ በሙሉ ተቀምጧል። እማማ ዘነበች ሳይቀሩ በሰው ተደግፈው መጥተዋል። "እግዜር ያጥናሽ" ሲሏት እያንዳንዱን እያቀፈች እንደገና አለቀሰች። እኔም፣ ማለቴ፣ ሟቿን ሳላውቃት እንባዬ መጣ።

"እስቲ ፎቶዋን አሳዪን" አለቻት እናቴ።

ክላራ ስልኳን አወጣች። ምላሷን ያወጣች ጥቁር ውሻ!

አንዱ ያሳለው መስሎ ሳቁን ዋጠ። ሁለት ሦስት ሰዎች ብድግ አሉ። እናቴ መሬት መሬቱን ታያለች። ክላራ ፊቷ ቀላ።

"ምን አጠፋሁ?" አለችኝ ቀስ ብላ።

እማማ ዘነበች ስልኩን ተቀብለው፣ ዓይናቸው ድረስ አስጠግተው ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ክላራን ጎትተው አጠገባቸው አስቀመጧትና ወደ ቆሙት ዞሩ።

"ምን ያስነሳችኋል? ልጅቷ እኮ ገና አልቅሳ አልጨረሰችም።"